አምስተኛው ወንበር

በ2074 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ታጉረመርማለች። ሁሉም በየቤቱ፣ ፊቱን እየታጠበም ሆነ ልጁን እያለበሰ፣ ያንኑ አሥር ዓረፍተ ነገር ስልኩ ፊት ጮክ ብሎ ያነባል። «ስሜ እገሌ ነው። ዛሬ ደህና ነኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። በሩ ተዘግቷል» እያለ ይወርዳል። ድምፅ ማደስ ይባላል። ሦስት ቀን ያላደሰ ሰው ቢደውል የማንም ስልክ አይጠራለትም። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት ከጎረቤት እኩል «በሩ ተዘግቷል» ሲል መስማት ያስቅ ነበር አሉ። አሁን የሚስቅ የለም።

ወይዘሮ ትርሲት በላቸው በዚያ ጠዋት ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመች፤ «ዛሬ ደህና ነኝ» የሚለው ላይ። ባሏ ይርዳው ከሞተ ሠላሳ ሰባተኛ ቀኑ ነበር። ስልኩ ጥቂት ጠበቃትና «እባክዎ ይቀጥሉ» አላት። ቀጠለች። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። በሩ ተዘግቷል።

ትርሲት የሳይበር ደህንነት ፖሊሲ ሽልማት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዳኛ መራጭ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። በየዓመቱ አገሬውን ከመረጃ ዘራፊና ከሐሰተኛ ድምፅ በተሻለ የጠበቀ ፖሊሲ ይሸለማል። የሚሸልሙት አምስት ባለሙያ ዳኞች ናቸው። እነዚህን አምስት ሰዎች ፈልጎ ማግኘት የእሷ ድርሻ ነው። የሚከብደው፣ ዳኛው ከተወዳዳሪው ጋር አንዳችም ትስስር ሊኖረው አይገባም የሚለው ነው። ዱሮ ትስስር ማለት ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ ማለት ነበር፤ እጩው ራሱ ፎርም ሞልቶ ይፈርማል፣ አለቀ። ዛሬ የሚያውቀው ማሽኑ ነው። ፖሊሲውን ካረቀቀ ሰው ጋር፣ ወይም አርቃቂውን ከሚያውቅ ሰው ጋር የተደዋወለ ትስስር አለበት። አንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አብሮ የተቀመጠም እንዲሁ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ኒካህ፣ እድር፣ ለቅሶ፣ ሁሉም ይቆጠራል።

ማን ማንን እንደሚያውቅ ደግሞ ማን ያውቃል? ለዳኝነት መመረጥ ትልቅ ክብር ነውና የሙያው ሰዎች እንግድነት ሲሄዱ በሃምሳኛው ደቂቃ ይነሳሉ። የእጅ ሰዓታቸው ይጮኽላቸዋል። ባለቤቱም አይቀየምም፤ እሱም የራሱን ሰዓት እያየ ነው። በይርዳው ለቅሶ የትርሲት ባልደረቦች ድንኳኑ ደጃፍ ድረስ መጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት ቆሙና ሄዱ። አንዳንዶቹ ከልባቸው አልቅሰዋል፤ በቁማቸው። ትርሲት አልፈረደችባቸውም። እሷም ስንት ድንኳን ደጃፍ ቆማ ተመልሳለች። መራጭማ ይብስበታል፤ ከትዳር ጓደኛው በቀር ከማንም ጋር ትስስር ከተመዘገበበት መራጭነቱ ያበቃል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስልኳ ላይ የቀረው የሰው ቁጥር አንድ ብቻ ነበር፤ የይርዳው።

ለዚያ ዓመት ሽልማት ተጣርቶ የቀረው ተወዳዳሪ መመሪያ አሥራ ዘጠኝ ነበር። «ያልታወቀ ድምፅ አይገናኝም» ይላል መመሪያው። ደዋዩ መጀመሪያ ስሙን ይናገራል። ድምፁ ጠዋት ካነበበው ጋር ከገጠመ ጥሪው ያልፋል፤ ካልገጠመ ይታገዳል፣ የተደወለለትም ሰው ስልክ ጭራሽ አይጠራም። የሚያነሳውም ሰው ድምፅ ካልታወቀ ጥሪው ይቋረጣል። ከዚያ በፊት በልጅ ድምፅ እናትን፣ በአለቃ ድምፅ ሠራተኛን የሚያታልሉ ሌቦች አገሩን ምጥ ውስጥ አስገብተውት ነበር። አሁን ደብዛቸው ጠፍቷል። መመሪያው ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ ይህን ትርሲትም አትክድም።

ግን ከተሸለመ፣ በደንቡ መሠረት፣ እስካሁን ከእሱ ነጻ ሆኖ በቀረው አንድ መስመር ላይም ይሠራል። ያ መስመር የድንገተኛ አደጋ መስመር ነው። እስካሁን አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ማንም ይሁን፣ ድምፁ እንዴትም ይሁን፣ ይነሳለታል።

ይርዳው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ብቻውን ሳለ ነው ስትሮክ የመታው። መጀመሪያ የደወለው ለትርሲት ነው። ሁልጊዜም እንደዚያው ነበር፤ ቁልፍ ቢጠፋበት፣ የሚያስቅ ነገር ቢሰማ፣ ዝናብ ቢጀምር መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ። አፉ ጠሞ፣ ምላሱ ከብዶት ስለነበር ስሙን በቅጡ ሊል አልቻለም፤ አሥራ አንድ ጊዜ ታገደ። አሥራ ሁለተኛውን ለአምቡላንስ ደወለ። እነሱ አነሱ። ሲደርሱ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ትርሲት ይህን ሁሉ ያወቀችው ከቀብሩ በኋላ፣ በየወሩ የሚላከው የታገዱ ጥሪዎች ዝርዝር ሲደርሳት ነው።

የታገደ ድምፅ ለማስረጃ ይቀመጣል። አሥራ አንድ ቅጂ፤ በአሥራ አንዱም ውስጥ ባሏ የገዛ ስሙን ለማለት ይታገላል። ማሽኑ አላውቀውም ያለውን ድምፅ ትርሲት ከመጀመሪያዋ ፊደል አወቀችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዳመጠችው። ለሁለተኛ ጊዜ አቅሙ አልነበራትም።

አራቱ ዳኞች ተገኝተው ነበር። ለአምስተኛው ወንበር ማሽኑ ከአራት ሺህ ባለሙያዎች መካከል አንድ ስም ብቻ አወጣ። «እንድሪስ አወል፤ 76 ዓመት፤ ሐይቅ። ትስስር፦ የለም።» በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ጥሪ አልተመዘገበባቸውም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደረበ፣ በዕድሜ የትርሲት ታናሽ ነው፤ ስሙን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ።

«እንዴ! እኚህ ሰው እኮ የትስስር ፎርሙን ራሳቸው የጻፉት ናቸው። በሕይወት አሉ?»

«አሉ ይላል» አለች ትርሲት።

«ዘጠኝ ዓመት ማንንም ሳያናግሩ? ይገርማል! እንዲህ ያለ ንጹሕ ዳኛ ከየት ይገኛል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ትርሲት፣ አርባው ሳይወጣ መንገድ ባይሄዱ? ሌላ ሰው ልላክ።»

«ፊት ለፊት አነጋግሮ ቃል መቀበል የእኔ ሥራ ነው።»

«እሱማ ነው። እኔ ያልኩት... ባለጉዳይም ስለሆኑ ነው። እስከ አርባው።»

ይህም በደንቡ ተጽፏል። በአንድ ፖሊሲ የተጎዳ፣ ወይም ሰው የሞተበት፣ ትስስር አለበት፤ ሟች ከሆነ ግን ትስስሩ የሚቆየው አርባ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሟቹን ከዝርዝር ያነሳዋል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ቀኑን ከገዛ ባህላችን ነው የወሰድነው ብለው በመግቢያው ላይ በኩራት ጽፈዋል።

በማግስቱ ትርሲት ሐይቅ ወረደች። የእንድሪስ ቤት ከውሃው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። በሩን የከፈቱላት ረዥም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ሙቀት አንገታቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመዋል። ከአፋቸው የወጣው ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነበር።

«ግቢ፣ ልጄ። ቅረቢና ስሚኝ፤ ከዚህ በላይ አይወጣልኝም።»

ትርሲት ሰዓቷን በሃምሳ ደቂቃ እንዲጮኽ ሞልታ ተቀመጠች። ማንነቷንና የመጣችበትን ጉዳይ ነገረቻቸው። እሳቸው ሻሹን ፈታ አድርገው የተሰፋውን ጉሮሯቸውን አሳዩዋት።

«ካንሰር ነበር። ቆርጠው አወጡልኝ፣ አልሐምዱሊላህ ተረፍኩ። ድምፄ ግን አልተረፈም።»

«አዲሱን ድምፅዎን አላስመዘገቡም?»

«ለማስቀየር በቀድሞው ድምፅ ማመልከት ያስፈልጋል» አሉና ትከሻቸውን ነቀነቁ። የሚስቁ ይመስሉ ነበር። «ወዳጆቼ መጀመሪያ ሰሞን ደወሉ። አንስቼ ‹አቤት› ስል ይቋረጣል። ኩርፊያ መሰላቸው። ኋላ ደግሞ እንድሪስ ለዳኝነት ንጹሕ ልሁን ብሎ ራሱን ከሰው አራቀ ተባለ። አከበሩኝ። ወላሂ፣ አክብረውኝ ነው የቀሩት።»

መስኮቱ ላይ ስልክ ተቀምጧል። ትርሲት አየችው፤ ስታየው እሳቸውም አዩዋት።

«እሱን ጠዋት ጠዋት አነብበታለሁ፤ አሥሩንም። አልታወቀም ይለኛል። ሰፈሩ ሲያነብ እሰማለሁና ብቻዬን ዝም ማለቱ አስጠላኝ። አብሬ አነባለሁ።»

ትርሲት የያዘችው ፎርም እጇ ላይ ከበዳት። ለካስ ማሽኑ ንጹሕ ናቸው ያለው ሰው ስለሌላቸው ነው፤ ሰው ያሳጣቸው ደግሞ ሊዳኙት የተጠሩበት መመሪያ ራሱ ነው። ከዚያ ሐዘኑን ቀድሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ አፍራበታለች፣ ግን መጣባት። እኚህ ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀመጡ ሊጠየቅ የሚገባውን ይጠይቃሉ። ድምፁ የተለወጠ ሰው ምን ይሁን ይላሉ።

«ቃል ለመግባት ድምፅዎ ባይታወቅም እኔ ምስክር ሆኜ መፈረም እችላለሁ፤ አንቀጽ አለው» አለች። «የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ተወዳዳሪው ፖሊሲ የጎዳዎት ነገር አለ?»

እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይህቺን ጥያቄ እኮ የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጋሽ እንድሪስ፣ የለም ይበሉ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ትርሲት ስለ ይርዳው ነገረቻቸው፤ ስለ አሥራ አንዱ ጥሪ፣ ስለ አሥራ ሁለተኛው፣ ቀጥሎም ስለሚመጣው። ስታወራ እንባዋ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም።

«አብሽሪ፣ ልጄ። አብሽሪ» አሉ ሽማግሌው፤ የእሳቸውም ዓይን ሞልቷል።

«አንዲት ቃል ናት። ማሽኑም ንጹሕ ነዎት ብሏል። አንዲት ቃል ማለት ምን ይጎዳዎታል?»

ከታች ከሐይቁ የዓሣ አስጋሪዎች ጥሪ ይሰማል።

«ዘጠኝ ዓመት እዚህ ተቀምጫለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የለም ካልኩ ያንን ዘጠኝ ዓመት ማን ኖረው? አልችልም። አለ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ሰዓቷ ጮኸ፤ ሃምሳ ደቂቃ። እንድሪስ ሻይ ሊጥዱ ተነስተው ነበር።

«ትንሽ ብትቀመጪ...»

«ሰዓቴ ነው» ብላ ወጣች። እስከ ደሴ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ በሆዷ ስትሰድባቸው ሄደች። ግትር! ለራሱ ንጽሕና የሰው ነፍስ የሚሰጥ ግትር ሽማግሌ!

የይርዳው አርባ ወጣ። ካህኑ ጸለዩ፣ የመጣው ሰው ቀመሰ፣ በሃምሳኛው ደቂቃ ሰዓቶች እዚህም እዚያም ጮኹና ቤቱ ባዶ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ትርሲት አሥሩን ዓረፍተ ነገር ካነበበች በኋላ ምን እንደነካት አታውቅም፣ የይርዳውን ድምፅ ልስማ አለች። ያኔ ያልቻለችውን ዛሬ የምትችል መሰላት። ስልኩ «ማስረጃው ጊዜው ስላለፈ ተሰርዟል» አላት። አሥራ አንዱም የሉም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከቀብሩ ቀን ይልቅ ያን ጠዋት አለቀሰች።

ቢሮ ስትደርስ ደረበ በሩ ላይ ጠበቃት። ማሽኑ ያወጣውን አዲስ ስም አሳያት።

«ትርሲት በላቸው፤ 53 ዓመት፤ ደሴ። ትስስር፦ የለም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ስታነበው የኖረችው ቃል ነው፤ ሁልጊዜም «እንኳን ደስ አለዎት» ብላ ታስከትልበት ነበር።

«ሕጋዊ ነው» አለ ደረበ። «የባለሙያ መዝገብ ላይ አሉ፤ ትናንት እኩለ ሌሊት አርባው ሲሞላ ማሽኑ ጋሽ ይርዳውን... አነሳቸው። ድምፅ የሚሰጠው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።» ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተና ጠጋ አለ። «እትዬ፣ እኔም እናት አለችኝ። ጥርሷ አልቋል። ጠዋት ጠዋት በአራተኛ በአምስተኛው ሙከራ ነው የሚያልፍላት። ይግቡና እንደ እሷ ያሉትስ ምን ይሁኑ ብለው ይጠይቁ። እባክዎ።»

እገባለሁ አለች። ከልቧ ነበር። ምሳ ሳትበላ ጥያቄዎቿን ወረቀት ላይ አሰፈረች። ጉሮሮው የተቆረጠስ? ምላሱ የታሰረስ? እያለቀሰ የሚደውልስ? ጥያቄዎቹ ጥሩ ነበሩ፤ በሥራ ዘመኗ ካየቻቸው ዳኞች ማንም እንዲህ አልጠየቀም።

አዳራሹ ውስጥ አራቱ ዳኞች አራት ሜትር ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ሰላምታም አይለዋወጡም። አምስተኛው ወንበር ፊት ማይክ ቆሟል። ትርሲት ቀርባ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሌሎችን ያስማለችበትን ጽሑፍ ያዘች።

«እኔ ትርሲት በላቸው፣ በዚህ ጉዳይ ተጠቃሚም ተጎጂም አይደለሁም። የተጎዳብኝም ሰው...»

የቀረው «የለም» የሚለው ነው። አንዲት ቃል ናት። ውሸትም አይደለም፤ ማሽኑ ራሱ ብሎታል፣ ደንቡ ብሎታል። ነገ አምቡላንስ የሚጠራው ማን እንደሆነ አሰበች፤ የደረበን እናት አሰበች፤ በሐይቅ ዳገት ላይ የተናገረችውን አሰበች። ልትለው ትፈልግ ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። ይርዳው ግን በመጨረሻው ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ «እኔ ነኝ» ሲል አልታወቅህም ተብሏል። አላውቅህም የምትለው አሥራ ሁለተኛዋ እሷ መሆን አልቻለችም።

«አለ» አለች። «ይርዳው ይባላል። ባሌ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደውሎልኛል።»

«ቃሉ አልገጠመም። እባክዎ ይድገሙ» አለ ማሽኑ።

ደረበ ከግድግዳው ሥር በዓይኑ ለመናት። ደገመች፤ ያንኑ አለች። ሦስተኛም ሲሆን ያንኑ አለች።

«ወንበሩ ባዶ ተብሎ ተመዝግቧል።»

አራቱ ዳኞች ያለ እሷ ድምፅ ሰጡ። ሁለት ለሁለት ሆነ። እኩል ሲሆን ለተወዳዳሪው ይወሰናል ይላል ደንቡ። መመሪያ አሥራ ዘጠኝ ተሸለመ፤ ከመጪው መስከረም ጀምሮ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው መጀመሪያ ስሙን ይናገራል። ደረበ ውጤቱን ኮሪደሩ ላይ ነገራት። አልወቀሳትም። ቢወቅሳት ይሻላት ነበር። ትርሲት ልክ ሠራሁ ብላ አታውቅም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

እሑድ ከቀትር በፊት ሐይቅ ወረደች። እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። ሲያዩዋት ሊነሱ ሲሉ ከለከለቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ወንበሩስ?» አሉ በትንፋሻቸው።

«ባዶ ቀረ። ለእኔ ደርሶ ነበር።» የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ሁለት ለሁለቱንም አልደበቀችም። ስትጨርስ ራሷን አቀረቀረች። «አንዲት ቃል ናት ብዬዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው አልሳቁባትም፤ ደግ አደረግሽም አላሉም። ከዚያ ወደ ቤት አስገቧትና ያን ቀን ሳይጠጣ የቀረውን ሻይ ጣዱ።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ ብርጭቆውን ሲያቀብሏት። «ይርዳው እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

በአርባውም ሆነ በለቅሶው ማንም ይህን አልጠየቃትም። ለዚህ የሚሆን ጊዜ ማንም አልነበረውም። መጀመሪያ ከየት እንደምትጀምር ቸገራት። ከዚያ የቤት ቁልፍ በጠፋበት ቀን የሆነውን መተረክ ጀመረች፤ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሱሪው በሽቦ ተይዞ፣ ከዚያው ሆኖ ደውሎላት እንዴት ሁለቱም መናገር እስኪያቅታቸው እንደሳቁ። እንድሪስ ለመስማት ሳይሆን ለመሳቅ ጎንበስ አሉ፤ ሳቃቸው ፉጨት ነበር።

መሀል ላይ ሰዓቷ ጮኸ። ሃምሳ ደቂቃ። አሥር ደቂቃ ከቆየች ይመዘገባል፤ ከተመዘገበ ነገ ቢሮ መግባቷ ዕቃዋን ለመሰብሰብ ብቻ ይሆናል። እንድሪስ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ሊሸኟት ተዘጋጁ።

«ሰዓትሽ ጮኸ፣ ልጄ።»

«ይጩህ» አለች ትርሲት፣ ወንበሯንም ወደ እሳቸው አስጠጋች። «ገና አጥሩ ላይ ነው ያለው። አልወረደም እኮ።»